ሳልሞት የተተከለልኝ ድንኳን

«አንቺን አልቅሼ ጨርሻለሁ። አሁን እህቴን ላልቅስበት።»

ይህን ያለኝ አባቴ ነው። መንደራችን ግራና፣ ደጃችን ላይ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላጣም። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ውሃ አቀብይኝ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ለምን እንደዚያ እንዳለኝ ለማስረዳት ከሥራዬ መጀመር አለብኝ።

እኔ ብዙ ሥራ የቀያየርኩ ሰው ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መርሳ ጨረስኩ፤ ውጤት አልመጣልኝም፤ ከዚያ ወዲያ እጄ ያልነካው የለም። ሲሪንቃ የግብርና ምርምሩ እርሻ ላይ በቀን ሠራተኛነት የማሽላ ራስ በወረቀት ከረጢት ሳለብስ ከረምኩ። መርሳ ላይ ማንጎና ብርቱካን በሳፋ ተሸክሜ በአውቶቡስ መስኮት ሥር ሮጫለሁ። ሪያድ ሄጄ የሰው ቤት ጠርጌያለሁ። ስመለስ ባል አገባሁና ዓመት ሳይሞላኝ ፈታሁ፤ እሱንም ከሥራ ልቆጥረው እችል ነበር፣ ደሞዝ የሌለው ሆነብኝ እንጂ። ከዚያ ወልድያ ገብቼ ቁርስ ቤት ፉል አቀረብኩ፤ ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከሁሉም የወጣሁት ወይ ተጣልቼ ነው ወይ ሰልችቶኝ።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ከግራና በላይ ዳገቱ ላይ ነበር የምትኖረው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አባቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ «እህቴ» ሲል ሌላው ሰው «እናቴ» እንደሚለው ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ ልጅ ስቱዲዮ ነበረው። ሠርግ ሲቀዘቅዝበት ጊዜ አጫጭር ድራማ እየሠራ ስልክ ላይ መልቀቅ ጀመረ። አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ላይ ለወረፋ የምትጣላ ሴት ያስፈልገዋል፤ ያመጣት ልጅ ካሜራውን ስታይ ድምጿ ጠፋ። እኔ በሩን ተደግፌ እስቃለሁ።

«ምን ያስቅሻል? ነያ አንቺ ተጣዪ!» አለኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከፈለግሽው።»

ገባሁና ተጣላሁ። ስጨርስ ልጁ ካሜራውን አውርዶ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ።

«ፎቶ ኮፒ ላይ» አልኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በኛ አገር ሴት በዚያ ዕድሜ አዲስ ነገር አትጀምርም፤ የጀመረችውን ታሳድጋለች። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገ እስኪነጋ የምቸኩልበት ሥራ አገኘሁ። ብዙ አልከፈለኝም፤ ግን አልሰለቸኝም። እናቴ ታውቅ ነበር፤ ስልኬ ላይ አሳይቻታለሁ፣ አፏን በሻሿ ይዛ ስቃለች። አባቴ አንዴ «አዝማሪ ሆነች የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «አይ፣ ድራማ ነው» አለችው። «እሱስ ምንድነው?» አለ፤ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ በሬዎቹ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሳም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ያ ድራማ መጣ። ዓረብ አገር ሄዳ ሬሳዋ የምትመለስ ልጅ ታሪክ ነው። ሬሳ ሆና የምትተኛ ሴት ጠፋች። አንዷ ጾሜን ነኝ አለች፣ አንዷ እርጉዝ ነኝ አለች። ሻይ የሚያፈሉልን አሮጊት «ሞት ሲጠሩት አቤት የሚል ነው፤ እኔ አልጠራውም» ብለው ጀርባቸውን ሰጡን። እኔ ተናደድኩ።

«ውሸት አይደል እንዴ? አምጡት፣ እኔ እተኛለሁ» አልኩ።

በነጭ አቡጀዲ ጠቀለሉኝ፤ አገጬን አሰሩት፤ አፍንጫዬ ውስጥ ጥጥ ከተቱ። መቀመጫዬ ላይ እሾህ አለ የተባልኩት ሴት፣ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ፣ ትንፋሼን በሆዴ ደብቄ ተኛሁ። ላዬ ላይ የሚያለቅሱት ማስመሰሉን ረስተው የእውነት ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ካሜራ ያዡ ራሱ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። ስነሳ ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም ራቅ ብሎ ነው ያየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ረክቼ አላውቅም። ይህን መጻፍ አሳፋሪ ነው፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ የሆነውን ኋላ ከእናቴ ነው የሰማሁት።

ድራማው ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ተቆራርጦ ተቆራርጦ አንድ ፎቶ ብቻ ቀረ፤ ፊቴ፣ አገጬ በነጭ እንደታሰረ። አንዱ ከላዩ ላይ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የግራና ልጅ» ብሎ ጻፈበት። ፎቶው ጅዳ ያለ የጎረቤታችን ልጅ ጋ ደረሰ። እሱ እያለቀሰ መርሳ ላለው ወንድሙ በድምፅ ላከለት። መልእክቱ እንደገባ ኔትወርኩ ጠፋ። የወልድያና የመርሳ መንገድም በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ነበር። ሞቴ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ወረዳችን ሀብሩ ሲገባ፣ እኔ እዚሁ ወልድያ መቻሬ ሰፈር ቁጭ ብዬ መንገዱ እስኪከፈት ካርታ እጫወት ነበር።

ሰው ሁሉ «እንዴት አንድ ሰው አያጣራም?» ይለኛል። የመርዶን ደንብ የማያውቅ ነው እንዲህ የሚል። መርዶ የሰማ ሰው በሆዱ ይዞ ያድራል። ለሁለት ለሦስት ሽማግሌ ብቻ ይነግራል። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ አንድ ላይ ገብተው ያረዳሉ። መርዶ የአደራ ዕቃ ነው፤ የተቀበለው ያደርሰዋል እንጂ ፈቶ አያየውም። «እርግጥ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሟቹ እንደቀለደ ይቆጠራል። ይህን ደንብ ደግሞ እንደ አባቴ አጥብቆ የያዘ አልነበረም። የቅሬው፣ የለቅሶ ዕድራችን፣ ዳኛ እሱ ነው፤ ድንኳን ማን ይሸከም፣ ጉድጓድ ማን ይቆፍር፣ ማን ለቅሶ ቀረ የሚለውን የሚያየው እሱ ነው። አንድ ጎረምሳ በስልክ መርዶ ቢያረዳ፣ ቅሬው መሐል አቁሞ «ሞት የገበያ ወሬ ነው እንዴ?» ብሎ አንገቱን ያስደፋው እሱ ነው። ስለዚህ የሱን ደንብ ጠብቀው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰባት ሆነው ገቡ።

የሬሳውን ነገርም የጠየቀ የለም። መንገድ ዝግ ነው። በነዚህ ዓመታት ስንቱን ያለ ሬሳ አልቅሰናል።

የጠረጠረችው እናቴ ብቻ ነበረች።

«አልሞተችም! ድራማ ነው! ልጄ ትጫወታለች እንጂ አልሞተችም!» ብላ ጮኸች።

ሴቶቹ ግራ ቀኝ እጇን ይዘው «እሺ፣ እሺ እሜዋ፣ ትጫወታለች፤ ጀነት ውስጥ ትጫወታለች» አሏት። የትኛዋ እናት ናት መርዶ ስትሰማ አልሞተችም የማትል?

«ከዚያ በኋላ እኔም አመንኩ» አለችኝ ኋላ። «አገር ሙሉ ሲያለቅስልሽ፣ እኔ ብቻዬን ቆሜ ከማን ጋር ልሟገት?»

ሬሳ ስለሌለ ሶላተል ጋኢብ ተሰገደብኝ፤ ሬሳው በሌለበት ለሩቅ ሟች የሚሰገደው፣ በአራት ተክቢራ፣ በአራት «አላሁ አክበር»፣ የሚያልቀው ሶላት። አባቴ ከሰጋጁ ፊተኛ ረድፍ፣ ፊተኛው ሰፍ ላይ ቆመ። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ለሰደቃዬ አረደው። ከደጋ ክርስቲያኖቹ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ፤ ቅሬያችን ሃይማኖት አይለይም።

አክስቴም ወረደች። በቅሎ እንላክልሽ ቢሏት «ለሷ ለቅሶ በእግሬ ነው የምሄድ» አለች። ያን ዳገት በዱላ ተደግፋ ስትወርድ ዋለች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ደረቷን ስትመታ የሚይዛት ጠፋ። ሰደቃው በተበላ ማግስት «ደረቴን» ብላ ጋደም አለች፤ በዚያው አልተነሳችም። ድንኳኑ ሳይነቀል ቆየ። ለኔ በተተከለው ድንኳን እሷ ተለቀሰችበት።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ መንገዱ በተከፈተ ቀን የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ መጣሁ። መርሳ ስወርድ ድሮ አብራኝ ማንጎ የምትሸጥ ልጅ አየችኝና «አዑዙ ቢላሂ!» ብላ ሳፋዋን ጥላ ሮጠች። ድሮም ነገረኛ ናት ብዬ አለፍኳት። የግራናን መንገድ ይዤ ሰፈራችን ስደርስ፣ ደጃችን ላይ ድንኳን አየሁ።

የሞተው አባቴ ይሁን እናቴ አላወቅሁም። እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምሬ «አባዬ! እማ! አባዬ!» እያልኩ፣ ነጠላዬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ፣ እያለቀስኩ ሮጥኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ብድግ አለ። ከዚያ ግማሹ በኋላ በኩል ወጣ። አንድ ሽማግሌ ወደኔ እጃቸውን ዘርግተው ጂን የሚያባርረውን አያተል ኩርሲይ መቅራት ጀመሩ። ከሴቶቹ መሐል እናቴ ብቻ ወደኔ ሮጠች።

«ብያችሁ ነበር! ብያችሁ ነበር እኮ!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ልትስመኝ ይሁን ልትነክሰኝ ሳይገባኝ ትከሻዬን በጥርሷ ያዘችው።

አባቴ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። አገጬን በመዳፉ ይዞ ቀና አደረገኝ፤ ከብት እንደሚያይ ሰው ግራና ቀኝ አገላበጠኝ። አውራ ጣቱን ጉንጬ ላይ ጫን አደረገው።

«አልሀምዱሊላህ» አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥሎ «ያ ፎቶ ምንድነው?» አለኝ።

«ሥራ ነው አባ።»

«ሥራ?»

«ድራማ ነው። እንደሞትኩ ሆኜ ተኝቼ ነው።»

«ከፈን ለብሰሽ?»

«አቡጀዲ ነው» አልኩት። አፌ አላረፈም፤ «ማን ሞቶ ነው ግን?» አልኩ።

እናቴ ናት በጆሮዬ «አክስትሽ። አንቺን ልታለቅስ መጥታ» ያለችኝ።

አባቴ ያን ቃል የተናገረኝ ያኔ ነው። ተናግሮ ሲያበቃ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

እኔም ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ምን እንደሚሉኝ ቸገራቸው። አንዲት የደጋ ሴት «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ብለው ጀመሩና አክስቴ ትዝ ስትላቸው «አይ፣ እግዜር ያጥናሽ» አሉ፤ ቀጥለው «ኧረ የቱን ልበል?» ብለው ሳቁ፤ ደንግጠው እንደገና አለቀሱ። አባቴን ዘወር ብዬ ሳየው አልተንቀሳቀሰም።

ሰው ሥራውን ትተዋለች ብሎ ጠበቀኝ። አልተውኩትም። ብተወው አክስቴ አትነሳም። ወልድያ ተመልሼ ሠራሁ፤ መንገድ ላይ «ሟቿ! ሟቿ!» እያሉ ይጠሩኛል፤ ዞር ብዬ «ቀጣዩ አንተ ነህ» እላለሁ፤ ይሥቃሉ። ቤት ስገባ ግን ያው ነው። አባቴ «አሰላሙ አለይኩም» ስለው ይመልሳል፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና። ለመንገደኛ እንደሚመለሰው ይመልስና ፊቱን ወደ ሥራው ያዞራል። አይሰድበኝም። ከቤት አያወጣኝም። ምሳው ሲቀርብ ብቻ «እኔ ቆየት እላለሁ» ይላል፤ እኔ ስነሳ ይበላል። አንድ በሬ ስለቀረው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው፤ ተራው እስኪደርሰው የሰው እርሻ ዳር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አየዋለሁ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። ተከታታይ ድራማ ነው፤ ሬሳ አይደለም፣ ከክፍል ክፍል የምትኖር፣ የምትናገር፣ የምትቆጣ ሴት። ከስንት ዓመት መንከራተት በኋላ ይህ ነው የኔ የምለው ነገር መጣልኝ። መሄዴ የማይቀር ነው። ከመሄዴ በፊት የፈለግሁት አንድ ቃል ነው፤ አባቴ «አፉ ብያለሁ» እንዲለኝ። በኛ ዘንድ ሰው ሩቅ ሲሄድ አፉ ተባብሎ፣ ይቅር ተባብሎ ነው፤ ወላጅ ቅር ብሎት የተጀመረ መንገድ መንገድ አይደለም።

ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ የመስጊዳችን ሼህ ናቸው፣ ሌላው የአባቴ የልጅነት ወዳጅ፣ ደጋ ያሉ ክርስቲያን ገበሬ። ሲመለሱ አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«እሺ አለ?»

«እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ» አሉ ሼሁ።

«ታዲያ ምን አለ?»

«'ልጄ አላጠፋችም' ነው የሚለው። 'ሥራዋን ሠራች። ሰው ተሳሳተ። እህቴን ቀኗ ደርሶ አላህ ወሰዳት። ያላጠፋን ሰው ምን ብዬ አፉ ልበለው?' አለን።»

«አላጠፋችም ካለ ለምን አያናግረኝም?»

ወዳጁ ዱላቸውን መሬት ላይ እየወጉ «እሱን ጠይቀነው ነበር፤ 'እኔም አላውቅም' አለ» አሉኝ።

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ስንቱን አስታርቄያለሁ። አጥፍተሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተቸገርን።»

በምሄድበት ቀን ጠዋት ራሴ ሄድኩ። የመስኖ ተራው ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በመቆፈሪያው ቦዩን እየከፈተ ውሃውን ወደ ሽንኩርት መደቡ ይመራል። ተራው ካለፈው ሌላ ሳምንት መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ለማንም አይቆምም። ጫማዬን አውልቄ ቦዩ ዳር ቆምኩ።

«አሰላሙ አለይኩም አባ።»

«ወአለይኩም ሰላም።»

«ልሄድ ነው። አዲስ አበባ።»

«ሰማሁ።»

«አፉ ይበሉኝ።»

አንዱን መደብ ዘጋ፣ ሌላውን ከፈተ። ልደግመው ስል ቀና አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «ሲገንዙሽ፣ እዚያ ተጋድመሽ፣ ምን ታስቢ ነበር?»

«አንቱን» ብል ያምነኝ ነበር። እንባዬን አውጥቼ፣ ድምፄን ሰብሬ መናገር እችላለሁ፤ ሥራዬ ነው። እሱም የጠበቀው ያንን ይመስለኛል።

«ምንም አላሰብኩም አባ» አልኩት። «ጉንዳን እግሬ ላይ ወጥቶ ነበር። እንዳልስቅ ነበር የማስበው።»

ትክ ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልያዝኩትም።

«እኔ» አለ፣ «ሶላቱ ላይ ሦስተኛውን ተክቢራ ሰማሁ። አራተኛው ጠፋኝ። ሰው አሰላምቶ ወጣ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። መጥተው በክንዴ ይዘው አስቀመጡኝ።» መቆፈሪያውን ጭቃው ውስጥ ተከለው። «አንቺ ቆመሽ ሳይሽም፣ ከፊቴ ስትናገሪም፣ እኔ እዚያው ነኝ። የቆምኩበትን መጨረስ አቃተኝ።»

«አባ…»

«መኪናው ያመልጥሻል።»

«አፉ ይበሉኝና ልሂድ።»

ውሃው ከመደቡ አልፎ የጎረቤት ማሳ ውስጥ መግባት ጀመረ። አየው።

«ያ ረቢ፣ አመለጠኝ» አለና መቆፈሪያውን ነቅሎ፣ ጎንበስ ብሎ ቦዩን ተከትሎ ወረደ።

ቆሜ ጠበቅሁት። ከመደቡ ጫፍ ደርሶ አፈር እየዛቀ ይገድባል። አልዞረም። ጫማዬን በእጄ ይዤ እስከ መንገዱ በባዶ እግሬ ሄድኩ፤ እዚያ እግሬን በሣር ጠርጌ አጠለቅሁት። ባጃጅ አገኘሁ። መርሳ ላይ ከወልድያ የመጣው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ይላል። ሻንጣዬን አቀበልኩትና ገባሁ።